ቁልፎቹ የተጠቀለሉበት ወረቀት

ይግቡ እትዬ፣ ይግቡ! ደጅ ምን ያቆምዎታል? ደረጃዋን ብቻ ይጠንቀቋት፣ ጠርዟ ተሰብሯል። እዚህች… መስኮቱ ሥር ያለችው ወንበር ላይ አረፍ ይበሉ። ኧረ ሰው የለባትም። የታናሽ እህቴ ወንበር ናት፤ ባዶዋን መዋል ከጀመረች ሁለት ሳምንቷ።

ቀሚስዎ አልቋል ማለት ይቻላል፤ ጠርዙን ዘምዝሜ ካውያ ላሳርፍበት ብቻ ነው። ሙቀቱ እንዴት ይዞዎታል? እኔማ ካውያ ሥር ስውል በጋውም ክረምቱም አንድ ሆኖብኛል። ጉልበትዎስ? እሰይ። ልጆቹስ? እሰይ፣ እሰይ።

እንግዳችንን ሰላም አሏቸው? ነጭ ጋውናቸውን ሊወስዱ መጥተው ነው። ከትናንት ወዲያ ሰጥተውኝ ለዛሬ ጠዋት ቀጥሬያቸው፣ አንዲት ቁልፍ ቀርታብኝ አስቀመጥኳቸው። ይቅርታ ጌታዬ፣ አሁን አደርሳታለሁ። ቁልፍ ነገር ተቻኩለው ከሰፉት ሰው ፊት ነው የሚበጠሰው። እስከዚያ እኔና እትዬ እንጫወት። የሴት ወሬ ነው፣ ጆሮ አይስጡን።

ጮክ ብዬ ሳወራዎት ቅር እንዳይልዎ እትዬ። ጆሮዎ ትንሽ… ደህና ነው? አጥርተው ይሰማሉ? ኧረ ተመስገን! አይ፣ እኔ ለጥንቃቄ ብዬ ነው። ይቺ የስፌት መኪናዬም ስትነሳ አገር ታንቀጠቅጣለች፤ ከሷ በላይ ካልጮኹ ጥግ ላይ ያለ ሰው… ማለቴ እርስዎ፣ አይሰሙኝም።

ይኼን ነጭ ጨርቅ ይዤ ምን ትዝ አለኝ መሰለዎት? አንድ ሰውዬ አለ። እርስዎ አያውቁትም። እዚህ ሰፈር አይደለም፤ ወዲያ ነው፣ ራቅ ይላል። መድኃኒት ቤት አለው። እሱም ነጭ ጋውን ይለብሳል፤ ግን ነጭ የማይለብስ ማን አለ? ሐኪሙም ይለብሳል፣ ሥጋ ሻጩም ይለብሳል፣ ጸጉር ቆራጩም ይለብሳል። በነጭ ልብስ ሰው አይጠረጠርም።

እንዴት ያለ ንጹሕ ሰው መሰለዎት! መደርደሪያው መስታወት ነው። መስታወት ልበልዎት እንጂ… ፊትዎን አይተው ቅንድብዎን ይቀነደቡበታል። ጠዋት ጠዋት እያፏጨ ሲወለውለው ማየት ነው። በምን እንደሚወለውለው ግን ይገምቱ። በጨርቅ? አይደለም። ከመድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ ተጣጥፋ የምትወጣ ስስ ወረቀት አለች አይደል? ፊደሏ እንደ ጉንዳን የደቀቀች? በሷ ነው። መድኃኒቱ ለምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚወሰድ፣ ከምን ጋር እንደማይስማማ፣ ማን መውሰድ እንደሌለበት የሚጽፉባት ወረቀት። እኛ "ይቺ ምን ታደርጋለች?" እያልን ስንጨነቅ፣ እሱ ሥራ ሰጣት። ሰው አንዳንዴ ከነገር ሁሉ ጥቅም ማውጣት ያውቅበታል።

እና ደግሞ ሚዛናዊ ነው! ያ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል አንድ ካርቶን ውስጥ ሦስት እሽግ ይሆንና ወረቀቷ ግን አንዲት ብቻ ናት። እሱ እሽጉን አንድ አንድ እያደረገ ነው የሚሸጠው። ታዲያ ሦስት ሴቶች ሲመጡ ወረቀቷን ለየትኛዋ ይስጥ? ለአንዷ ሰጥቶ ሁለቱን ይበድል? ለሦስት ይቅደዳት? አይ! ፍርድ አዋቂ ነውና ለማናቸውም አይሰጥም። ሦስቱም እኩል ሳያውቁ ይሄዳሉ።

እኔን የሚገርመኝ ዝምታው ነው። "ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል" ይላሉ አይደል? መቀደዱን እንኳ እኔ በየቀኑ አየዋለሁ። ግን ያልተናገረ ሰው ላይ ማን ይፈርድበታል? ያስቡት ብልኃቱን! ሴት መስኮቱ ጋ ስትመጣ እሽጉን ይሰጣል፣ ላዩ ላይ "ጠዋት አንድ" ወይም "ማታ አንድ" ብሎ ይጽፋል… እጅ ጽሑፉ እንዴት ያምራል! ከዚያ "ቀጣይ!" ነው። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል፤ እሱ ጭንቅላቱን አቧራ እንዳይነካበት የሚጠነቀቅ ሰው ነው።

ጌታዬ፣ ሞቀዎት እንዴ? መስኮቱን ልክፈትልዎ? እሺ፣ እንዳሉ።

የዚህ ሰፈር… የዚያ ሰፈር ማለቴ ነው፣ እንቁላል ሻጯን ልንገርዎት። ሐኪም አንድ መድኃኒት አዘዘላት። የሚዋጥ አይደለም እትዬ… ይረዱኛል አይደል? ከታች የሚገባ ነው። ሰውዬው በዚያ በሚያምር ጽሑፉ "ማታ ማታ አንድ" ብሎ ጻፈላት። የት የሚለውን ግን ለትዳሯ ክብር ሲል ዝም አለ። እሷ ምን ታውቃለች? ስድስት ቀን ሙሉ በብርጭቆ ውኃ ዋጠችው! "እንደ ሳሙና ያረፋል፣ ጉሮሮዬ ላይ ይለጠፋል" ትለኛለች እዚሁ ቆማ። በሰባተኛው ቀን ሄዳ ጠየቀችው። እንዴት ሳቀ መሰለዎት! ብቻውን ቢስቅ ስግብግብ ያስብለዋል፣ ወረፋ ላይ የነበሩትን ወንዶች ሁሉ ጨምሮ አሳቃቸው። ጨዋታ አዋቂ ነው። እሷ እንኳ ከዚያ ወዲህ ምንም ብትታመም ወደዚያ አትሄድም፤ በሽታዋን ይዛ እቤቷ ተቀምጣለች። ወረፋ ቀለለለት።

ይሳቁ እትዬ፣ ይሳቁ፤ እኔም ያኔ ስቄያለሁ። ያኔ የሰው ጉሮሮ ነበራ።

ዲዳ ነው ብለው ደግሞ እንዳያዝኑለት። ራሰ በራው ጎሚስታ የጸጉር ማብቀያ ሲገዛ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ምላሱ ሲፈታ ያዩት እንደሆነ! "ጠርሙሱን አስቀድመህ ነቅንቅ። ራስህ ደረቅ ይሁን። በጣት ጫፍ፣ በስሱ። አራት ሰዓት አትታጠብ። የሚያሳክክህ ከሆነ አቁምና ተመለስ፤ ባይሆን ስልኬን ያዝ።" ስልኩን እኮ ነው የሰጠው! እኔ ከኋላ ቆሜ "ለጸጉር እንዲህ የተጨነቀ ለማሕፀንማ እንዴት ይጨነቅ!" አልኩ በልቤ። ተራዬ ሲደርስ… "ቀጣይ!" በቃ። ጎሚስታው ዛሬም ራሰ በራ ነው፤ ግን በደንብ የተነገረው ራሰ በራ።

እሱ ዝም ቢል ደግሞ ሰፈሩ ዝም አይል። ጸጉር ቤቱ አለ አይደል? እዚያ ካስክ ሥር ተቀምጣ ሐኪም ያልሆነች የለችም። አንዷ "እንክብሉን በየሦስት ወሩ እረፍት ስጪው፣ ማሕፀን ይደክማል" ትላለች። አንዷ "ከረሳሽ በማግስቱ አራት ዋጪ" ትላለች። ሌላዋ ከራሷ የተረፈውን ከቦርሳዋ አውጥታ ታካፍላለች። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ነው። ግን በዶሮዋ ማን ይፈርዳል? የሚያውቀው ሰው ዝም ካላት የማያውቁት ሲሉ ካልሰማች ማንን ትስማ?

ክሩ አለቀ… ቆይ ልሰካው። የመርፌዋ ቀዳዳ አልታይ ብላኛለች ሰሞኑን፤ እንቅልፍ አጣሁ።

እሺ፣ ርዕስ ልቀይር፣ የሰው ስም ማንሳት ይበቃናል። እህቴን ላንሳልዎት። ከሰውየው ጋር ምንም አያገናኘውም እንግዲህ፤ ጨዋታ ለማሳመር ነው።

እህቴን ያውቋታል፣ እዚህ አጠገቤ የቁልፍ ቀዳዳ የምትሰፋዋን። ሦስት ልጆች አሏት፤ ሦስቱም በኦፕሬሽን ነው የወጡት። ከሦስተኛው በኋላ ሐኪሙ እጇን ይዞ "እናቴ፣ ከዚህ በኋላ ማርገዝ ለሕይወትሽ ያሰጋል" አላት። ይኼን እኔ ለመረዳት ሐኪም መሆን አያሻኝም። ሦስት ጊዜ አንድ መስመር ላይ የተሰፋ ጨርቅ አራተኛ መርፌ አይችልም። ባሏም እሷም ተስማሙና እንክብሉን ጀመረች። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ከአንድ መስኮት፣ ከአንድ እጅ ገዝታ ዋጠች። አንድ ቀን ስታሳልፍ አላየኋትም። እስቲ ክርንዎን ያንሱልኝ እትዬ… የመኪናዋ ክዳን ላይ የጠመኔ ምልክት አይታይዎትም? በስፌት ጠመኔ ነው። ጠዋት ስትውጥ አንድ ሰረዝ ታሰምራለች፤ ሲሞላ ትጠርግና እንደገና ትጀምራለች። የመጨረሻው ይኸው አልተጠረገም። ይቁጠሩት። ጌታዬም ከፈለጉ መጥተው ይቁጠሩ፣ እጅ ሥራ ሲታይ ደስ ይላል። የዘለለችው የለም።

ታዲያ አምና ሳልና ላብ ያዛት፤ ሳንባዋ ነው ተባለ። የስድስት ወር መድኃኒት ከጤና ጣቢያው በነጻ ሰጧት። ነርሷ ልጅ ናት፣ ግን ጎበዝ፤ "ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት ካለ፣ ከዚህ ጋር እንደሚስማማ የምትገዢበትን ፋርማሲ ጠይቂ" አለቻት። እህቴም የተባለችውን የምታደርግ ሰው ናት፣ ሄደች። ሁለቱንም መድኃኒት በላስቲክ ይዛ፣ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብላ፣ በቀስታ "ይኼንና ይኼን ባንድ ላይ ብወስድ ምንም አይልም?" አለችው።

መልሱ እንዴት ያለ መሰለዎት! ከኋላዋ ወንዶች ተሰልፈው፣ "ምን? የወሊድ መቆጣጠሪያውን ነው የምትይው? ጮክ በይ!" አላት። እህቴ ፊቷ ከዚህ ከቀይ ገበር ብሶ ቀላ። ደግሞ ለመጠየቅ ደፈረች፣ የኔ ጀግና፤ "እባክህ ውስጡ የምትመጣዋን ወረቀት እንኳ ስጠኝ" አለችው። እሱም፣ መስታወቱን እየወለወለ… በምን እንደሆነ ነግሬዎታለሁ… "አንቺ ዝም ብለሽ ዋጪ፤ ማወቁን ለኛ ተዪው" አላት። "ቀጣይ!"

ሲያዩት እንዴት ያለ ደግነት ነው? ሸክም እኮ ነው ያወረደላት። ማወቅ ከባድ ነገር ነው፤ እሱ ብቻውን ተሸከመላት። እንዲያውም ለራሱም ሳይነግረው ነው መሰለኝ የተሸከመው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። እሷ በሽታዋን አልደበቀችም፤ በሰው ፊት ጮኻ ተናግራለች። መድኃኒቱን የደበቀስ ምን ይባላል? ተረት አልተተረተለትም እስካሁን።

እኔም አለሁበት እትዬ፣ ሰው ላይ ብቻ ጣት አልቀስርም። ያን ቀን እያለቀሰች መጥታ ስትነግረኝ፣ ጨርቅ እየቆረጥኩ ነበር፣ ቀና ሳልል "የተማረ ሰው ነው፤ አንቺ ደግሞ ጥያቄ ታበዣለሽ" አልኳት። እኔ ነኝ ያልኳት። ከእናቷ ቀጥዬ ያሳደግኳት እኔ። ያቺን ቃል ብውጣት አትወርድም፣ ብተፋት አትወጣም። የእንቁላል ሻጯን ሳሙና እኔ ነኝ አሁን የምውጠው።

በሦስተኛው ወር አረገዘች።

ስልክዎ ነው ጌታዬ የሚጮኸው። አያነሱትም? ይሁን፣ ለጠራ ሁሉ መልስ መስጠት ግዴታ አይደለም።

አሁን ሰባት ወሯ ነው። ሆስፒታል ተኝታለች። እንግዴ ልጁ ከድሮው ስፌት ላይ ተጣብቋል አሉን፤ ሲከፍቷት ደሟ ላይቆም ይችላል። ከነገ ወዲያ ጠዋት ነው ኦፕሬሽኑ። ሁለቱም ሊተርፉ ይችላሉ፣ አንዳቸው ሊተርፍ ይችላል… ሐኪሟ ሳትደብቅ ቁጭ አድርጋ ነገረችን። ፈርቻለሁ እትዬ። ግን ያቺ ሐኪም ስትነግረን፣ ክፉ ነገር እየነገረችን፣ እጇን መሳም አማረኝ። እንደ ሰው ቆጥራናለችና።

ይኼ አይደለም ደግሞ እህቴን የሚያስለቅሳት። የሚያስለቅሳት ባሏ ነው። ሾፌር ነው፤ ቁርሱን የሚበላው ከዚያ መድኃኒት ቤት አጠገብ ያለው ሻይ ቤት ነው። ያው የወንድ ነገር፣ ማርገዟን ሲሰማ ግራ ገብቶት ወደ መስኮቱ ሄደ። "መድኃኒቱ እምቢ ሊል ይችላል ወይ?" ብሎ ጠየቀ። እዚህ ላይ ሰውየው ምላሱ ተፈታ! ለወንድ ነዋ። "መድኃኒት አይረሳም፣ የምትረሳው ሴት ናት። ወይ ረስታለች… ወይ ደግሞ ፈልጋለች" አለው። ትከሻውን መታ መታ አድርጎም ሸኘው። በሦስት ዓመት ውስጥ ለቤተሰባችን የሰጠው ብቸኛው ማብራሪያ ይኼ ነው፤ እሱንም በነጻ።

በቃ። ባሏ "ሆን ብለሽ ነው፤ ራስሽን ልትገድይ፣ ልጆቼን እናት ልታሳጫቸው" አላት። ልጆቹን ይዞ እናቱ ቤት ገባ። ሆስፒታል ከገባች ሁለት ሳምንት ሙሉ አልጠየቃትም። እሷ አልጋዋ ላይ ሆና በየቀኑ የጠያቂ ሰዓት ሲደርስ ጸጉሯን ታበጥራለች። በር በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች፤ የምገባው እኔ ነኝ። "እንኳን መጣሽ" ትለኛለች፣ ጨዋ ናት፤ ግን ዓይኗ ሲወድቅ አየዋለሁ። ቢላዋ ሥር ስትገባ ረስታለች ተብላ፣ ዋሽታለች ተብላ መግባት የለባትም። ሌላው የፈጣሪ ነው።

አሁን ደግሞ ደስ የሚለውን ልንገርዎት፣ አይክፋዎት።

ከትናንት ወዲያ አንድ ደንበኛዬ ልብስ አመጣልኝ። ማን እንደሆነ አይጠይቁኝ፣ የሰው ልብስ ገመና ነው። ሦስት ቁልፍ ወልቆበታል፤ እንዳይጠፉ ብሎ፣ ጠንቃቃ ነው፣ በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ አስቀምጧቸዋል። ስፈታት ስስ ወረቀት ናት። ብዙ ቦታ የታጠፈች። ፊደሏ እንደ ጉንዳን የደቀቀ። ላይዋ ላይ የተጻፈውን ስም ሳየው፣ እህቴ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠዋት ጠዋት ታሳየኝ የነበረው ስም ነው።

ያችው ወረቀት እኮ ናት እትዬ። ስንት መቶ ወረቀት ተጥሎ፣ ስንት መስታወት ተወልውሎበት፣ ያቺ አንዲቷ ቁልፍ ተሸክማ በእግሯ እኔ ጋ መጣች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ወረቀቷስ እውነትም አልለቀቀችም።

መነጽሬን አድርጌ፣ በላዩ ላይ አጉሊ መስታወት ጨምሬ አነበብኩት። በስንትና ስንት ቋንቋ ተጽፎ የኛው ከታች ጥግ ላይ ነው። እስቲ ይስሙኝማ፣ በቃሌ ይዤዋለሁ፦ "የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ይህ እንክብል እርግዝናን ላይከላከል ይችላል። ሌላ የመከላከያ ዘዴ ስለ መጠቀም…" ያዳምጡኝ አሁን፣ መጨረሻዋን… "ፋርማሲስትዎን ያማክሩ።"

ፋርማሲስትዎን ያማክሩ!

ጠይቁት ትላለች እንዴ ብዬ ሳቅሁ። ብቻዬን ነበርኩ፣ እዚሁ ቁጭ ብዬ ስቄ ስቄ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ሆነ ነገሩ፣ ይተዉት። ወረቀቷን የጻፉት ሰዎች የዋሆች ናቸው፤ ከመስኮቱ ጀርባ ሰው አለ ብለው ነው።

ኧረ ይቀመጡ ጌታዬ! ምን ያስነሳዎታል? ሱቁ ሰው የለውም? አይጨነቁ፣ የሴት ደንበኛ እንደሆነች ትጠብቃለች፤ ማንን ልትጠይቅ ትሄዳለች? ይኸው የመጨረሻዋን ቁልፍ እያሰርኩ ነው።

እና እትዬ፣ እኔ ምን አሰብኩ መሰለዎት? የሆነ አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ አፍ ያለው፣ ነገ ጠዋት ሻይ ቤቱ ገብቶ ያንን ሾፌር "አልረሳችም፤ እኔ ነኝ ያልነገርኳት" ቢለው። አራት ቃል ናት። ከጸጉር ማብቀያው ማብራሪያ ታጥራለች። ከዚያ ቀጥሎ ሆስፒታሉ ነው፤ የጠያቂ ሰዓት ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ በስተግራ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ያለችው አልጋ። ነገ የመጨረሻው ቀን ነው። በሩ ላይ ወረፋ የለም፣ "ቀጣይ" የሚልም የለም። ግን እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይመጣል? ያ የነገርኩዎት ሰውዬ እንኳ ሩቅ ነው ሰፈሩ፣ አይሰማኝም። ልክ አይደለሁም?

ይኸው ጌታዬ፣ አለቀ! ይልበሱትና ልየው… እሰይ፣ ልክክ አለ። ቁልፎቹ እንኳን በእጅ በገመድ ቢጎትቷቸው አይወልቁም፣ በድርብ ክር ነው ያሰርኳቸው። አንድ ነገር ጨምሬበታለሁ፣ ሳይጠይቁኝ፤ በግራ በኩል፣ ከውስጥ፣ ደረትዎ ላይ ትንሽ ኪስ። ቁልፎቹ የመጡበትን ወረቀት ቆሻሻ ውስጥ መጣል ከብዶኝ እሷ ውስጥ አስገባሁልዎ፤ የሰው ንብረት ነው። በካውያ አቃንቼዋለሁ፣ ጥሩ አድርጎ ይነበባል። አንዷን መስመር በጠመኔ አስምሬባታለሁ፣ ዓይንዎ እንዳይደክም። የኪሱን አፍ ልሰፋው ነበር… ተውኩት። የተሰፋ አፍ በቃኝ።

ባለቤትዎ ባለፈው መጥተው ነበር፣ ነገሩዎት? ቀሚሳቸውን አስፊልኝ ብለው። ስድስት ወራቸው ነው አሉኝ፤ ፊታቸው እንዴት ያበራል! ሆዳቸውን ስለካ ልጁ ሜትሬን ረገጠው። እኔ ሴት ናት ብያለሁ፤ እጄ አይስትም።

እንግዲህ ሰው ባዶውን አይሸኝም፣ ልመርቅዎት። እርስዎም አሜን ይበሉልኝ እትዬ። ባለቤትዎን በሰላም፣ ያለ ቢላዋ፣ ያለ ደም ያገላግልልዎ። ሴት ልጅ ይስጥዎ፤ መልኳ የእናቷ፣ እድሜዋ የድንጋይ ይሁን። አድጋ፣ ተድራ፣ ወልዳ ለማየት ያብቃዎት። ጨዋ ትሁን፣ እንደ እህቴ። ያልገባትን ጎንበስ ብላ በቀስታ የምትጠይቅ ትሁን፣ እንደ እህቴ። እና አንድ ቀን፣ ሕይወቷ በአንዲት ቃል ላይ በቆመበት ቀን፣ መድኃኒቷን በላስቲክ ይዛ ብቻዋን ከአንድ መስኮት ፊት ስትቆም… ከመስኮቱ ጀርባ ነጭ ለብሶ የሚጠብቃት ሰው፣ በአንደበቱም፣ በልቡም፣ ቁርጥ እርስዎን ይሁንላት።

ምነው ጌታዬ… አሜን አይሉም?